ትንሽ የኪስ ቢላ በሞረድ መሥራት፦ እሳት ከማየቱ በፊት እቅዴን እዩልኝ

ጀማሪው፦

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። ቀበቶ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ በየቀኑ የሚውል፣ የማይታጠፍ ትንሽ ቢላ ልሠራ ነው። ሥራው ካርቶን መክፈት፣ ገመድ መቁረጥ፣ ፍራፍሬ መላጥ፣ አልፎ አልፎ እንጨት መቅረጽ ነው። መፍጫ ማሽን የለኝም። ያለኝ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ሻካራና ለስላሳ ሞረድ፣ ትራፓኖ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማራገቢያ ያለው የከሰል ምድጃና ተራ የወጥ ቤት ኦቭን ነው። እቅዴ ይኸው፦

1. ሁለት ብረት አለኝ። አንዱ 6 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ፣ ሌላው 3 ሚ.ሜ. በ30 ሚ.ሜ. የሆነ 1084 የሚባል አዲስ የካርቦን ብረት ነው። ወደ ባሌስትራው አዘንብያለሁ።
2. ጠቅላላ ርዝመቱ 165 ሚ.ሜ.፣ የሚቆርጠው ክፍል 70 ሚ.ሜ.፣ ወርዱ 25 ሚ.ሜ.። ጭራው (እጀታው የሚለጠፍበት ብረት) እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ በሙሉ ወርዱ ይሄዳል።
3. ስለቱን በሞረድ እስከ መጨረሻው አቅጥኜ ከዚያ ማጠንከር።
4. ማግኔት መሳቡን ሲያቆም በተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ መንከር።
5. ጀርባውን በጋዝ እሳት እያሞቅሁ፣ ቀለሙን እያየሁ ቴምፐር ማድረግ (የጠነከረው ብረት እንዳይሰባበር በመጠነኛ ሙቀት ማለዘብ)።
6. እጀታው እንጨት፤ በ5 ደቂቃ የሚደርቅ ኢፖክሲና ሁለት የናስ ፒን።

ቁጥሩን እየጠቀሳችሁ የማይሆነውን ንገሩኝ፤ ለምን እንደማይሆንም ጨምሩልኝ።


አረብ ብረት፦

ልኬቱ ጥሩ ነው፤ አትንካው። እኔ ብረቱና እሳቱ ላይ ልቆይ፣ እጀታውን የሚያውቁት ይናገሩበት።

ተራ ቁጥር 1። 1084ን ያዝ። ባሌስትራ መጥፎ ብረት ሆኖ አይደለም፤ ብዙው 5160 የሚባለው ብረት ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው፣ ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ ሆኖ ክሮሚየም ያለበት፣ ለትልቅና ለሚመታ መሣሪያ የሚመረጥ። ግን የትኛው እንደሆነ በርግጠኝነት አታውቅም፤ ብረቱን ካላወቅህ ደግሞ የምታሞቅበት ዲግሪም ግምት ነው። ለዓመታት ሲታጠፍና ሲዘረጋ የኖረ ስለሆነም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ስንጥቁ የሚወጣው ዘይት ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ያ ሁሉ የሞረድ ድካም ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ባሌስትራ ጠንክሮ የተሸጠ ነውና መጀመሪያ አግለህ አመድ ውስጥ ቀብረህ ሌሊቱን ካላሳደርከው ሞረድ አይበላውም፤ ቢበላውም 6 ሚ.ሜ.ን በእጅ 3 ማድረስ ግማሹን ብረት ብናኝ ማድረግ ነው።

1084 ካርቦኑ ከ0.80 እስከ 0.93 በመቶ፣ ማንጋኒዙ ከ0.60 እስከ 0.90 በመቶ ነው። ማንጋኒዙ ዘይት ውስጥ በቀላሉ እንዲጠነክር ያደርገዋል፤ ካርቦኑም ሙቀቱ ላይ ሲደርስ ቶሎ ስለሚሟሟ ረጅም ቆይታ አይጠይቅም። በከሰል ምድጃ ለሚሠራ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው። 1095 የሚባለው ብረት ስሙ የገነነ ቢሆንም በጣም ፈጣን ዘይት ይፈልጋል፤ ከ540 ዲግሪ በታች በአንድ ሰከንድ ገደማ ካልወረደ ከፊሉ ሳይጠነክር ይቀራል። ኦ1 የሚባለው ብረት ደግሞ 800 ዲግሪ አካባቢ ሳይዋዥቅ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት ስላለበት ሙቀቱን የሚቆጣጠር ምድጃ ላለው ነው።

ተራ ቁጥር 3። ይኼ ነው የሚያስፈራኝ። ከማጠንከር በፊት ስለቱ ላይ 0.6 ሚ.ሜ. ውፍረት ተው። ምክንያቱን ጠይቀሃልና፦ ቀጭን ስለት ከጀርባው በጣም ቀድሞ ይግላል። ጀርባው 800 ሲደርስ ስለቱ 900 ያልፋል፣ የብረቱ ቅንጣት ያድጋል፣ ያደገ ቅንጣት ደግሞ በትንሽ ጫና ይሸረፋል። ሁለተኛ፣ የጋለ ብረት ላይኛው ቆዳው ካርቦኑን በአየር ይነጠቃል። ይኼ ቆዳ ከየጎኑ 0.1 ሚ.ሜ. ብቻ ቢሆን እንኳ የተሳለ ጠርዝ ላይ ከቆዳው ሌላ ምንም የለም፤ ስለቱ ሙሉ በሙሉ ለስላሳ ብረት ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ዘይት ሲነካው እንደ ማዕበል ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

እግረ መንገድህን ከእሳቱ በፊት እነዚህን ጨርስ። የፒን ቀዳዳዎቹን ብሳ፤ ከጠነከረ በኋላ ተራ ፑንታ አይገባውም። የቀዳዳዎቹን አፍ በትልቅ ፑንታ ትንሽ ከፈት አድርግ። የውስጥ ማዕዘኖችን ሁሉ፣ በተለይ ስለቱ አልቆ ጭራው የሚጀምርበትን፣ በክብ ሞረድ አለዝባቸው። ሹል የውስጥ ማዕዘንና ወደ ጎን የተጋደመ ጥልቅ የሞረድ ጭረት ስንጥቅ የሚጀምርባቸው ቦታዎች ናቸው። ፊቱን ሁሉ እስከ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አድርሰው።

ተራ ቁጥር 4። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተው። ጭሱ ከሞተር የወጣ የብረት ብናኝና ኬሚካል አለበት፤ ቅዝቀዛውም ከአንዱ ቆርቆሮ ወደ ሌላው ይለያያል። ንጹሕ የካኖላ ዘይት 1084ን በደንብ ያጠነክራል። ለዚህ መጠን ቢላ 4 ሊትር ያህል ይበቃል። ከ50 እስከ 55 ዲግሪ አሙቀው፤ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ብረቱን የሚከበው የእንፋሎት ሽፋንም ቶሎ ይሰበራል፣ ስለዚህ የሞቀው ከቀዘቀዘው ይልቅ ፈጥኖ ያቀዘቅዛል። ዕቃው ብረት ይሁን፣ ቁመቱ ከቢላው የረዘመ ይሁን፣ አፉን የሚከድን የብረት ክዳን ከጎንህ ይኑር። ፕላስቲክ ጨርሶ አይታሰብም። ሲነከር ግማሹን ከውጭ አታቁመው፤ ዘይቱ እሳት የሚይዘው የጋለው ብረት የዘይቱን ፊት እየነካ ሲቆም ነው። ከተያያዘ ክደነው፣ ውሃ እንዳታፈስበት አደራ።

ተራ ቁጥር 5። ኦቭን እያለህ በጋዝ እሳት ቀለም ማሳደድ ለምን? ቀለሙ የሚያሳይህ ላዩን ነው፤ በቆይታም በብረቱ ንጽሕናም ይለወጣል። ኦቭኑን 205 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት፣ አውጥተህ እስኪቀዘቅዝ፣ እንደገና ሁለት ሰዓት። ጥንካሬው በሮክዌል ሲ (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) 60 ገደማ ላይ ያርፋል፤ ለትንሽ ቢላ ተስማሚ ነው። የወጥ ቤት ኦቭን ማዞሪያው ከሚለው 15 እና 20 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ስለሚል ለብቻው ቴርሞሜትር አስገባ። ቢላውንም አሸዋ በሞላው ትሪ ውስጥ ቅበረው፤ አሸዋው መዋዠቁን ያለዝበዋል። ከዘይት ወጥቶ በእጅ ሲያዝ ወዲያው ወደ ኦቭን ይግባ። ጠንክሮ ቴምፐር ያልተደረገ ብረት ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል፤ ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ ሊሰነጠቅ ይችላል።


የሞረድ ሰው፦

የእሳቱ ነገር ተብሏል። ስለ ሞረዱ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይኼ ቢላ የሚቆርጠው በስለቱ ቅጥነት ነው። ብዙ ሰው ብረት መምረጥ ላይ ወር ይፈጃል፣ ከስለቱ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ውፍረቱ 0.8 ሚ.ሜ. የሆነ ቢላ ይሠራና ካርቶን ውስጥ ይጣበቅበታል። 1084 ሆኖ ቀጭን የሆነ ቢላ ውድ ብረት ሆኖ ከወፈረ ቢላ ይበልጣል።

መጀመሪያ የስለቱን ጠርዝ በማርከር አጥቁር። 3 ሚ.ሜ. ፑንታ ወስደህ ቢላውና ፑንታው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝተው በፑንታው ጫፍ ጠርዙን ጫር። ገልብጠህ ድገም። መሃሉ ላይ አንድ መስመር ይወጣል፤ ውፍረቱ ከፑንታው ትንሽ ከተለየ ሁለት በጣም የተጠጋጉ መስመሮች ይወጣሉ። ከመሃሉ ግራና ቀኝ 0.3 ሚ.ሜ. ትተህ ከምትቆምበት ልክ አትለፍ። መሃሉን ያልያዘ ስለት ሲጠነክር መጣመሙ አይቀርም።

ከጀርባ ወደ ስለት የሚወርደውን ተዳፋት፣ ቤቭሉን ማለቴ ነው፣ ነፃ እጅ ለመሞረድ አትሞክር። ሞረዱ ስለሚወዛወዝ ፊቱ ሆዱ ያበጠ ይሆናል። ቀላል መሣሪያ ሥራ፦ ጠፍጣፋ ጣውላ፣ ቢላውን ጣውላው ላይ የሚይዙ ሁለት ብሎኖች፣ ራሱ ቀለበት የሆነ አንድ ረጅም ብሎን፣ ከሞረዱ ጋር የሚታሰር ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ። ዘንጉ በቀለበቱ ውስጥ እየተመላለሰ ሞረዱን ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን ይይዘዋል። ሒሳቡ ይኼ ነው። ቤቭሉ 18 ሚ.ሜ. ከፍታ ካለው ከየጎኑ የሚነሳው 1.5 ሲቀነስ 0.3፣ ማለትም 1.2 ሚ.ሜ. ነው። 1.2 ለ18 ሲካፈል 1 ለ15 ይሆናል። ቀለበቱን በቢላው ጀርባ በኩል፣ ቤቭሉ ከሚጀምርበት መስመር 300 ሚ.ሜ. ርቀህ ብትተክለው ከቢላው ፊት 20 ሚ.ሜ. ከፍ ማለት አለበት። በዚያ ላይ ከሞረዱ ፊት እስከ ዘንጉ መሃል ያለውን ርቀት ደምር፤ እሱ ከተረሳ ማዕዘኑ ይበላሻል። ቀለበቱን በሁለት ዳዶ ከላይና ከታች ካሰርከው ከፍታውን በፈለግኸው ጊዜ ታስተካክላለህ።

ሞረድ የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው። ሲመለስ አንሳው፤ እየጫንክ መጎተት ጥርሱን ያደነዝዘዋል። ጥርሱ ላይ ጠመኔ ቀባ፣ ብናኙ እንዳይሰካ። የተሰካች አንዲት የብረት ፍንጣሪ ለመጥፋት ሰዓት የሚፈጅ ጥልቅ ጭረት ታወጣለች፤ በየጥቂት ግፊቱ በሽቦ ብሩሽ ጥረግ። ግራውን ጨርሰህ ቀኙን አትጀምር። ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ እያልክ ሁለቱን እኩል አውርድ።

አንድ ነገር ብዙዎች ይዘሉታል። ስለቱ አልቆ ያልተሳለው ብረት በሚጀምርበት ቦታ ላይ 4 ሚ.ሜ. ገደማ የሆነች ግማሽ ክብ በክብ ሞረድ አውጣ። ያለሷ የስለቱ ተረከዝ መሳያ ድንጋዩ ላይ በደንብ አያርፍም፤ ቢላው በተሳለ ቁጥር እዚያ ጋ ጉብታ እየሠራ ይሄዳል።


ጀማሪው፦

እጃችሁ ይባረክ። 1084 ይሁን፣ ኦቭንም ይሁን። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ከሰል ላይ ሆኜ 810ን ከ870 በምን እለያለሁ? ማግኔቱ የሚነግረኝ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከዘይት ሲወጣ ከተጣመመስ በመዶሻ ልመልሰው?


አረብ ብረት፦

በመዶሻ አትንካው፤ ይሰበራል። ወደሱ እመጣለሁ።

ስለ ሙቀቱ። ቢላውን በቀጥታ ፍሙ ላይ አታስቀምጥ። 50 ሚ.ሜ. አካባቢ ስፋት ያለው፣ አንድ ጫፉ የተደፈነ የብረት ቧንቧ ፍሙ ውስጥ አጋድመህ ቢላውን ቧንቧው ውስጥ አድርግ። ነፋሱ ብረቱን በቀጥታ አይመታውም፣ ሙቀቱ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይመጣል፣ ካርቦን የሚበላው አየርም ይቀንሳል። ቧንቧው ዚንክ የተለበጠ እንዳይሆን፤ ዚንክ ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። ቧንቧው አንድ ዓይነት ቀለም ሲይዝ ማራገቢያውን ቀንስ።

ሥራውን በጨለማ ወይም በደብዛዛ ብርሃን ሥራ። ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ጥቁር ይመስላል፣ ሰውም ሳያውቀው ከልክ በላይ ያግላል። ጨለማ ውስጥ ሆነህ ብረቱን ትኩር ብለህ ካየኸው ቅንጣቱ የሚለወጥበትን ቅጽበት ታያለህ፦ ቀዩ ብረት ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ይመጣል፣ ከቀጭኑ ስለት ተነስቶ ወደ ወፍራሙ ጀርባ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ከኋላው ብሩህ ቀለም ይከተለዋል። ብረቱ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚውጥ ነው ለጊዜው የሚጠቁረው። ጥላው ጠፍቶ ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም ሲሆን ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ የሚተወው ቢበዛ 770 ዲግሪ ላይ ነው፤ አንተ የምትፈልገው ከ800 እስከ 815 ስለሆነ ከዚያ ትንሽ መጨመር አለብህ።

ለዚያ ትንሽ ጭማሪ የገበታ ጨው ይረዳሃል። ጨው 801 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ጭራው ላይ ሳይሆን ስለቱ አጠገብ ካለው ፊት ላይ ጥቂት ቅንጣት ጣል አድርግ። ነጭ ሆኖ ከቆየ ገና ነህ፤ ቀልጦ ከረጠበ ደርሰሃል። ከዚያ ወዲያ ቀለሙን አስታውሰህ ማስኬድ ነው። ሲጨርስ ጨውን በደንብ እጠብ፤ ካልታጠበ ያዝገዋል።

ከዋናው በፊት ሦስት ጊዜ ኖርማላይዝ አድርገው፤ ማለትም አግለህ በአየር አቀዝቅዘው። የመጀመሪያው ማግኔት ከተወው በኋላ በደንብ ከፍ አድርጎ (870 ገደማ)፣ ሁለተኛው 815፣ ሦስተኛው ማግኔት እንደተወው። በየመሃሉ በቆመ አየር ውስጥ ጠቁሮ ማግኔት እስኪስበው ጠብቅ። በሞረድና በመጋዝ የገባውን ውጥረት ያወጣዋል፤ ሙቀቱ እየቀነሰ መሄዱ ደግሞ ቅንጣቱን ያደቅቀዋል። ስታንጠለጥለው ወይም ስታቆመው በጎኑ እንዳይደገፍ ተጠንቀቅ፤ ለስላሳ ሳለ የራሱ ክብደት ያጎብጠዋል።

ቢላውን ከመንከርህ በፊት ከዚያው 1084 የ40 ሚ.ሜ. ቁራጭ ለብቻ አጠንክርና ሞርሳ ላይ አስረህ፣ ጨርቅ ሸፍነህ፣ መነጽር አድርገህ ስበረው። የስብራቱ ፊት ደብዛዛ ግራጫና ደቃቅ ከሆነ ሙቀቱ ልክ ነው። እንደ ስኳር ካብለጨለጨ አልፈሃል፣ ቀንስ። ሳይሰበር ከተጣጠፈ አልጠነከረም፤ ወይ አልሞቀም ወይ ከምድጃ ወደ ዘይት ስትሄድ ዘግይተሃል። ከእሳቱ እስከ ዘይቱ ሁለት ሰከንድ አይለፍ፤ ዘይቱን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጥ።

ሲነከር ጫፉን ወደታች አድርገህ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ከዚያ በስለቱና በጀርባው አቅጣጫ ብቻ አንቀሳቅሰው። ወደ ጎን ካወዛወዝከው አንዱ ፊት ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ነው የሚጣመመው። እስከ 8 ቁጠርና አውጣው። ጭስ እያወጣ ግን እሳት ሳይነድበት ከወጣ ብረቱ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚህች አጭር ጊዜ ገና ይታዘዛል። በወፍራም የቆዳ ጓንት ይዘህ በዓይንህ በጀርባው አቅጣጫ ተመልከት፤ ከጎበጠ በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላዎች መካከል ሞርሳ ላይ አጥብቀህ እዚያው ይቀዝቅዝ። ጊዜው ካለፈህ አትታገለው። በሁለተኛው ቴምፐር ቀጥ ካለ ወፍራም ብረት ጋር በክላምፕ እሰረው፤ ጉብታው ወደ ውጭ ይሁን፣ ሁለቱ ጫፎች ስር ስስ ብረት አድርግና መሃሉን ጉብታው ከነበረበት በተቃራኒ ትንሽ አልፎ እስኪሄድ ጫን። ኦቭን ውስጥ ከነክላምፑ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ሲፈታ መልሶ ስለሚዘረጋ ነው አልፎ የሚጫነው። ካልበቃው እንደገና፣ ግን ከ205 አትለፍ።

ጥንካሬውን ከቴምፐር በፊት በአሮጌ ሞረድ ፈትሽ። የመጀመሪያው ጭረት ቢይዝ አትደንግጥ፤ ካርቦን ያጣው ቆዳ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ለጥቂት አሂድበትና ድገም፤ ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ጠንክሯል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅጥነት በሞረድ አይሆንም። 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ጠቅልለህ፣ ዘይት ጠብ አድርገህ ከ0.6 ወደ 0.3 ሚ.ሜ. አውርደው። ካሊፐር ይኑርህ፤ በእጅ ስሜት 0.3 እና 0.5 አይለዩም። ከዚያ 120፣ 220፣ 320፣ 400። በየቁጥሩ የጭረቱን አቅጣጫ ቀይር፤ የቀድሞው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፍ። የመጨረሻው ከተረከዝ ወደ ጫፍ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሳይመላለስ።


እጀታ ሠሪ፦

ተራ ቁጥር 6 ለእኔ ነው። የ5 ደቂቃው ኢፖክሲ ይቅር። ቶሎ የሚደርቀው እርጥበትና ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ሁለቱን ቁራጮች፣ ፒኖቹንና ክላምፑን ለማስተካከልም ጊዜ አይሰጥም። 24 ሰዓት የሚፈልገውን ውሰድ።

የሚላቀቅ እጀታ ብዙ ጊዜ የሚላቀቀው ከሦስት በአንዱ ነው። የቆሸሸ ፊት፦ ጭራውንም እንጨቱንም በ60 ቁጥር ወረቀት አሻክር፣ በአሴቶን ጥረግ፣ ከዚያ በጣትህ አትንካው። ከመጠን በላይ የጠበቀ ክላምፕ፦ ኮላው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና መካከል ላይ ምንም አይቀርም። ክፍተቱ እስኪዘጋ ብቻ አጥብቅ። ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ እጀታውን ስትፍቅ ናሱ ከእንጨቱ ፈጥኖ ይሞቃል፣ ዙሪያውን ያለውን ኢፖክሲ ያለሰልሰዋል። ፒኑ ጣት ካቃጠለ ቆም በል።

ጭራው ላይ ከፒኖቹ ቀዳዳ ሌላ ሁለት ወይም ሦስት የ6 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ብሳ። ኮላው በዚያ አልፎ ግራና ቀኙን ያያይዛል፣ ክብደትም ይቀንሳል። ፒኑ 3 ሚ.ሜ. ከሆነ የብረቱ ቀዳዳ 3.2 ይሁን፣ እንጨቱ 3። ብረቱ ላይም 3 ካደረግከው ሲጠነክር ቦታው ትንሽ ይንቀሳቀስና ፒኑ እምቢ ይላል፤ በመዶሻ ስታስገባው እንጨቱ ይሰነጠቃል። ስትበሳ ብረቱን በክላምፕ እሰር እንጂ በእጅህ አትያዝ፣ ጓንትም አውልቅ። ፑንታው በሌላኛው በኩል ብቅ ሲል ብረቱን ነጥቆ ያሽከረክረዋል፤ ጓንት ከያዘ እጅህን ይዞት ይሄዳል።

የእጀታዎቹን የፊት ጠርዝ፣ ወደ ስለቱ የሚያየውን፣ ሁለቱን አንድ ላይ አስረህ ከመለጠፍህ በፊት እስከ 600 ጨርሰው። ከተለጠፈ በኋላ እዚያ ጋ ወረቀት ለማስገባት ብትሞክር የጨረስከውን ብረት ትጭረዋለህ። በዚያ በኩል የሚወጣውን ኮላም ሳይደርቅ በአሴቶን በራሰ ጨርቅ ጥረግ። ስለቱን ከመጀመሪያ ጀምሮ በወፍራም ፕላስተር ጠቅልል፤ ሰው የሚቆረጠው እጀታ ሲሠራ ነው።

ለኪስ የሚሆን ቢላ ጠቅላላ ውፍረቱ ከ12 እስከ 13 ሚ.ሜ. ይበቃዋል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ 5 ሚ.ሜ. አካባቢ ነው። እንጨቱ ጠጣርና በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ከተለጠፈ በኋላ ይኮማተራል፣ የብረቱ ጠርዝ ከእጀታው ወጥቶ እጅ ይቆርሳል። ላብና ውሃ የሚበዛበት ቢላ ከሆነ ማይካርታ (በሙጫ የተጋገረ ጨርቅ) ወይም ጂ10 (በሙጫ የተጋገረ የመስታወት ቃጫ) ይሻላል። የጂ10 ብናኝ የመስታወት ቃጫ ስላለበት ግን በውሃ እያራስክ፣ ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ማስክ አድርገህ ሥራው። የጨርቅ ማስክ አይበቃም።


ባለ ባሌስትራ፦

ባሌስትራውን ግን እንዲህ አትጣሉት። አግሎ አመድ ውስጥ ማሳደርና ትንሽ ቁራጭ አጠንክሮ መስበር የብረቱን ማንነት ባይናገርም ለሥራው መሆን አለመሆኑን ይናገራል። 5160 ከሆነ 830 ዲግሪ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በዚያው ዘይት ይጠነክራል። ከ1084 ይልቅ አይሰበርም፤ ጫፉን ለመፈልቀቅ ለሚጠቀም ሰው ይሻለዋል። መሞከሪያው ቁራጭ ላይ ስንጥቅ ካልታየ ልሠራበት እችላለሁ ባይ ነኝ።

ሁለቱ ፒን ላይ ደግሞ አልስማማም የሚል ካለ እሰማለሁ፤ ለ95 ሚ.ሜ. እጀታ ሁለት በቂ ነው። ከጫፎቹ 15 ሚ.ሜ. ገባ ብለው፣ ከጎን ጠርዝ ደግሞ ቢያንስ 6 ሚ.ሜ. ርቀው ይሁኑ።


አረብ ብረት፦

በ5160 ጽናት እንስማማለን። ግን ከዘይት የወጣው ቁራጭ ደህና ሆነ ማለት ከዚያው ባሌስትራ ሌላ ቦታ የተቆረጠው ቢላ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ስንጥቅ የሚገኘው ጫና በበዛበት ቦታ ነው። ብረቱ መፈልቀቂያ ወይም መጥረቢያ ይሁን፣ እዚያ ውፍረቱም ጽናቱም ይጠቅማል። ካርቶንና ገመድ የሚቆርጥ ቀጭን ስለት በ1084 ይቆይ። ሁለቱ ፒን ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።


ቀጭን ስለት፦

የቀረው መሳልና አፎት ነው፤ ባጭሩ።

ስለቱ 0.3 ሚ.ሜ. ደርሶ ከሆነ ከየጎኑ 18 ዲግሪ ጥሩ ነው። ወርዱ 25 ሚ.ሜ. ለሆነ ቢላ ይኼ ማለት በጀርባው የታችኛ ጠርዝና በድንጋዩ መካከል 6 ሚ.ሜ. ገደማ ክፍተት ነው። 6 ሚ.ሜ. ፑንታ ከጀርባው ስር አስገብተህ ማዕዘኑን ያዝ፣ ፑንታውን አውጣና ሳል፤ እጅህ ሲዘነጋ መልሰህ ለካ። 400 ቁጥር ድንጋይ ላይ አንዱን ጎን ሳል፣ በሌላው ጎን ከተረከዝ እስከ ጫፍ በጥፍር ሲነካ የሚይዝ ስስ ጠርዝ እስኪወጣ። ያ ጠርዝ ያልወጣበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ገና አልተሳለም፤ ወደ 1000 መሄድ ምንም አይጨምርም። ከዚያ ሌላውን ጎን፣ ከዚያ 1000፣ በመጨረሻ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየጎተትክ። የተሳለው ገጽ ግማሽ ሚ.ሜ. ያህል ስፋት ይኖረዋል። ከዚያ በጣም የሰፋ ከሆነ ስለቱ ገና ወፍራም ነው፣ ወደ 80 ቁጥሩ ወረቀት ተመለስ።

ከተሳለ በኋላ እጀታ ከመለጠፍህ በፊት አንድ ፈተና አድርግ። 6 ሚ.ሜ. የናስ ዘንግ ሞርሳ ላይ አጋድመህ እሰር፤ የስለቱን ፊት በሳልክበት ማዕዘን ዘንጉ ላይ አስተኝተህ ቀለል አድርገህ እየጫንክ ጎትት። ብርሃን ከፊትህ ይሁን። ስለቱ ዘንጉን በሚነካበት ቦታ ላይ ትንሽ ሞገድ ትታያለች፣ ከቢላው ጋር ትሄዳለች። ዘንጉ ካለፈ በኋላ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ቴምፐሩ ልክ ነው። ታጥፎ ከቀረ ብረቱ አልጠነከረም፣ እንደገና ወደ እሳት። ከተሸረፈ ቴምፐሩ ያንሳል፤ 10 ዲግሪ ጨምረህ 215 ላይ ሁለት ሰዓት ድገምና እንደገና ሳል። ለዚህ ነው ኢፖክሲ ከመለጠፉ በፊት መሳልና መፈተን የሚሻለው፤ ከተለጠፈ በኋላ ኦቭን አይገባም።

አፎቱ ቆዳ ከሆነ 3 ሚ.ሜ. ውፍረት፣ በስለቱ በኩል በሁለቱ ፊቶች መካከል ተጨማሪ የቆዳ ጥብጣብ ይግባ። ያለሱ ስለቱ በገባና በወጣ ቁጥር ክሩን ይበጥሳል። ካይዴክስ (ሲሞቅ የሚለሰልስ ፕላስቲክ) ከሆነ 2 ሚ.ሜ.፣ ኦቭን ውስጥ 165 ዲግሪ አካባቢ እስኪለሰልስ፤ ቢላው ላይ ሁለት ድርብ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈህ በስፖንጅ መካከል ጫነው። ፕላስተሩ የሚተወው ክፍተት ብረቱን ከጭረት ያድነዋል። በቆዳው አፎት ውስጥ ለሳምንታት አታቆየው፤ ቆዳ እርጥበትና አሲድ ይይዛል፣ 1084 ደግሞ የማይዝግ ብረት አይደለም። ፍራፍሬ ከቆረጥክበት ወዲያው ጥረገው፣ ቀጭን የማዕድን ዘይት ቀባው። ግራጫ እየሆነ ቢሄድ ችግር የለም፤ ቀይ ከሆነ ግን በ600 ወረቀት በዘይት ቶሎ አንሳው።

70 ሚ.ሜ. ስለት ይዞ መዞር የሚፈቀድበትና የማይፈቀድበት አገር ስላለ ርዝመቱን ቆርጠህ ከመጨረስህ በፊት የምትኖርበትን ሕግ እይ። 10 ሚ.ሜ. መቀነስ አሁን የሴጌቶ ሥራ ነው፤ ከጠነከረ በኋላ ግን ስለቱን ሁሉ እንደ አዲስ መሥራት ነው።


ጀማሪው፦

ቀለበት ያለውን ብሎን አግኝቻለሁ፤ ነገ ጣውላውን እቆርጣለሁ። የ40 ሚ.ሜ. ቁራጩን ሰብሬ የስብራቱን ፎቶ እዚሁ አስገባለሁ፤ ቢላውን የምነክረው እናንተ ካያችሁት በኋላ ነው።